ኪዮቶ ውስጥ የሸክላ ክላስ፦ ለኤክስቼንጅ ተማሪ ያዋጣል ወይ?

መልሱን መጀመሪያ ልንገራቹና ቀሪውን ጊዜ ያለው ያንብበው። ኪዮቶ ወይ ኪዮቶ አካባቢ ለኤክስቼንጅ ምትመጡ ከሆነ የሸክላ ክላስ ግቡ፣ ያዋጣል፣ የምሬን ነው። ግን ለቱሪስት የተዘጋጀውን የአንድ ሰዓቱን አይደለም ምላቹ፣ በወር ሚከፈለውን መደበኛውን ነው። ሁለተኛ ደግሞ ሁሉም ሰው ኢንስታግራም ላይ አይቶ ሚጓጓለትን ሚሽከረከረውን ዊል ለጊዜው ትታቹ በእጅ ከሚገነባው ጀምሩ። ይቺን ሁለተኛዋን ምክር እኔ ስመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ይሄን ሪቪው እንድፅፍ ያደረገኝም ዋናው እሷ ነች።

ክላሱን በስም አልጠራውም፣ ምክንያቱም ቅር ያሉኝን ነገሮችም ልፅፍ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ትንሽ የቤተሰብ ስቱዲዮ ነው። ሰፈሩ ግን ጎጆዛካ ነው፣ ወደ ኪዮሚዙ ቤተመቅደስ ሚወስደው ዳገት አካባቢ፣ ከድሮ ጀምሮ የኪዮቶ ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የነበረ ቦታ። በወር ወደ 10,000 የን ነው ምከፍለው፣ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል ትሰራላቹ፣ ጭቃው በኪሎ ለብቻው ይታሰባል፣ ማስተኮሻውም (ዕቃው እቶን ውስጥ ሚበስልበት) ለብቻው ነው፣ እሱን ወደታች እመለስበታለሁ። የቱሪስቱ የአንድ ጊዜው አብዛኛው ቦታ ከ3,000 እስከ 5,000 የን ነውና ሲታይ ርካሽ ይመስላል፣ ግን እዛ ጭቃውን ሌላ ሰው አሽቶ አዘጋጅቶ መሃል ላይ አስተካክሎ ያስቀምጥላቹና እናንተ እጃቹን ብቻ ታስገባላቹ፣ ከዛ እግሩን (የስሩን ቀለበት) እነሱ ይፍቁታል፣ ግሌዙን (ሲተኮስ እንደ መስታወት ሚሆነውን ቅብ) እነሱ ይቀቡታል፣ ከወር በኋላ በፖስታ ይላክላቹኋል። ለማስታወሻ ጥሩ ነው፣ ትምህርት ግን አይደለም።

ከክላሱ ብዙም ሳይርቅ የካዋይ ካንጂሮ ቤት አለ፣ አሁን ሙዚየም ሆኗል፣ ከመመዝገባቹ በፊት እሱን እዩት። ካዋይ እ.ኤ.አ. ከ1890 እስከ 1966 የኖረ ሸክላ ሠሪ ነው፣ ቤቱን ራሱ ነው ዲዛይን ያደረገው፣ ወንበሩ ጠረጴዛው ሁሉ የሱ እጅ አለበት። ከጓሮ ኖቦሪጋማ ሚባለው እቶን እስካሁን እንዳለ ተቀምጧል፣ ዳገት ላይ በተርታ የተሰሩ ክፍሎች ናቸው፣ እሳቱ ከታች ይነሳና ሙቀቱ ከአንዱ ክፍል ወደሚቀጥለው እየወጣ ሁሉንም ያበስላል፣ የሰፈሩ ሠሪዎች ክፍል ክፍል ተጋርተው ነበር ሚጠቀሙበት። አሁን ከተማው ውስጥ በጭስ ምክንያት እንደዛ አይነት እቶን አይነድም፣ የሰፈሩ ሰው በኤሌክትሪክና በጋዝ ነው ሚተኩሰው። እዛ እቶን አፍ ላይ ቆማቹ ወደ ውስጥ ስታዩ ክላሱ ውስጥ ያለችው ፍሪጅ ምታክል የኤሌክትሪክ እቶን ምን እንደተካች ይገባቹኋል።

ወደ ትምህርቱ። መጀመሪያ ሚያስተምሯቹ ጭቃ ማሸት ነው፣ እና ይሄን በቀላሉ እንዳታዩት። ኪኩኔሪ ይሉታል፣ ጭቃውን በአንድ መዳፍ እየገፉ በሌላው ትንሽ ትንሽ እያዞሩ ማሸት ነው፣ እንደ ዳቦ ሊጥ እጥፍ እያደረጋቹ ካሻቹት አየር ታስገቡበታላቹ፣ የዚህ ዓላማ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ አየሩን ማስወጣትና እርጥበቱን እኩል ማድረግ። ጃፓኖቹ ማሸት ለመልመድ ሦስት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ሴንሴዩ፣ አስተማሪያችን ማለት ነው፣ ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው፣ እጃቸው ስር ጭቃው ያለ ምንም ጉልበት ሚዞር ነው ሚመስለው፣ ቀርቦ ላየ ግን ሥራው ያለው ክንድ ላይ ሳይሆን ወገብና ትከሻ ላይ ነው። ጠዋት ከመጣቹ ሰላም ብለው ምንም ሳይናገሩ ያሻሻቹትን ጭቃ በሽቦ ለሁለት ከፍለው የተቆረጠውን ፊት ያሳዩአቹኋል፣ ቀዳዳ ካለ ድጋሚ ታሻላቹ፣ ከሌለ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። እኔ ይሄን አስተማሪነት በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም ስህተቱን ራሳቹ ታዩታላቹ።

ዊሉን፣ ሮኩሮ ነው ሚሉት፣ በተመለከተ አንድ ማንም ማይነግራቹ ነገር ልንገራቹ። ጃፓን ውስጥ ሮኩሮ ሚሽከረከረው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው፣ አውሮፓና አሜሪካ ግን ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። ስለዚህ ከመምጣታቹ በፊት ዩቲዩብ ላይ የፈረንጅ ቪዲዮ እያያቹ ከተለማመዳቹ የቀኝና የግራ እጃቹ ሥራ ይገለበጣል፣ ጭቃውን ምትይዙበት ጎንም ይቀየራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ምትማሩ ከሆነ ግድ የለም እንደውም ጥሩ ነው፣ ሌላ ቦታ ጀምሮ የመጣ ግን ይቸገራል፣ አብሮኝ ሚማር አንድ ካናዳዊ በዚህ ብዙ ተሰቃይቷል። ሌላው ልዩነት እዚህ ትንሽ ስኒ ለመስራት ትንሽ ጭቃ አይቀመጥም፣ ትልቅ ጭቃ አምድ አድርገው መሃል ላይ ያስተካክሉና ከጫፉ አንድ ስኒ አውጥተው ሺፒኪ በምትባል ክር ቆርጠው ያነሱታል፣ ከዛ ከቀረው ቀጣዩን፣ ከዛ ቀጣዩን፣ አምዱ እስኪያልቅ። ሴንሴዩ እንዲህ ሲሰሩ ስኒዎቹ ሁሉ አንድ ቁመት ነው ሚኖራቸው፣ ቶንቦ ምትባል ከቀርከሃ የተሰራች መለኪያ አለች ጥልቀቱንም ስፋቱንም ባንዴ ምትለካ፣ እሷን አንዴ ገባ አድርገው ያወጧታል በቃ። መለኪያውን ስትጠቀሙ ደግሞ መርሳት የሌለባቹ ጭቃው ሲደርቅና ሲተኮስ ከ10 በመቶ በላይ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ምትፈልጉትን ሳይሆን ከምትፈልጉት የሰፋውን ነው ምትሰሩት።

ሮኩሮ ጥሩ ነው፣ አይደለም አላልኩም። ግን በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በሳምንት አንዴ እየሄዳቹ ሮኩሮ ላይ ምትደርሱበት ቦታ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምታጠፉት ጭቃውን መሃል በማስያዝ ነው፣ ያወጣቹት ስኒም ወፍራምና ከባድ ይሆናል። በእጅ ሚገነባው ግን፣ ቴቢኔሪ ይሉታል፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነተኛ ዕቃ ታወጣላቹ። ጭቃውን በመዳፍ አንከባልላቹ ታስረዝሙታላቹ፣ ዙሪያውን ትደራርባላቹ፣ መገጣጠሚያውን በጣት ከውስጥም ከውጭም ታያይዛላቹ፣ ቀስ እያላቹ ግድግዳውን ታሳሳላቹ። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ነገሩ ለኔ የተለወጠው፣ ምክንያቱም ይሄ የኛ እናቶች ሙያ ነው። ቀጨኔ ሄዳቹ አንድ ጀበና ሚሰሩ እናት አጠገብ ከተቀመጣቹ ምታዩት ይሄንኑ ነው፣ ዊል የለም፣ እጅ አለ፣ ማለስለሻ ድንጋይ አለ፣ የተሰበረ ገል አለ።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ የነበረ ቪዲዮ ለሴንሴዩ አሳየኋቸው፣ አንዲት እናት ትልቅ እንስራ መሬት ላይ አስቀምጠው ራሳቸው አጎንብሰው ዙሪያውን እየዞሩ ሲሰሩ ሚያሳይ ነው። ቪዲዮውን ደጋግመው አዩት፣ ሌሎቹን ተማሪዎችም ጠሩ። ከዛ ቶኮናሜ ስለሚባለው ከተማ ነገሩኝ፣ አይቺ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ትልልቅ ጋን ሚሰራበት ቦታ ነው፣ እዛም ሠሪው ጋኑን አያዞርም፣ ወፍራም የጭቃ ጥቅል ትከሻው ላይ አድርጎ እሱ ራሱ በጋኑ ዙሪያ ይዞራል። ከዛ ጥያቄ ተከተለ፣ ጭቃው ውስጥ ምን ይደባለቃል፣ ገል ተፈጭቶ ይገባበታል አልኳቸው፣ ይሄማ የኛም ነው አሉ። በምን ይተኮሳል፣ ሜዳ ላይ በጭድ በእበትና በእንጨት፣ እቶን የለም። ስንት ሰዓት፣ ብዙም አይቆይም። ያኔ ዝም አሉና በዛ ፍጥነት ሙቀት ጨምሮ ያልተሰነጠቀ ጭቃ ጥሩ ሰው ያዘጋጀው ጭቃ ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ሻካራ ነገር የተቀላቀለበት ጭቃ ነው ድንገተኛ ሙቀት ሚችለው፣ ያንን መጠን ደግሞ እናቶቻችን በሚዛን ሳይሆን በእጃቸው ነው ሚያውቁት።

እዚህ ሀገር በእጅ የተሰራ ማለት ዝቅ ያለ ማለት እንዳልሆነ ለማየት ራኩን ማየት ይበቃል። ራኩ 16ኛው ክፍለ ዘመን ውስጥ ቾጂሮ ሚባል ሠሪ ለሻይ ሥርዓቱ መምህር ለሴን ኖ ሪኪዩ የሰራው የሻይ ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ ዊል የለውም፣ በእጅ ተቀርፆ በቢላ መሰል መሳሪያ ተፍቆ ነው ሚሰራው፣ ከእቶኑም ገና እንደጋለ በመቆንጠጫ ነው ሚወጣው። ቤተሰቡ እስከዛሬ እየሰራ ነው፣ ኪዮቶ ውስጥ የራሳቸው ሙዚየም አላቸው። ዊል እያለ፣ ችሎታውም እያለ፣ አውቀው በእጅ የሰሩት ዕቃ ነው ከሁሉም በላይ ሚከበረው።

ስለ ክብር ካነሳሁ አይቀር። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጣችው የባህል ቅርስ ህግ መሰረት ሙያውን በእጁ የያዘውን ሰው ራሱን ትመዘግባለች፣ ሰዉ ሕያው ብሔራዊ ሀብት እያለ ነው ሚጠራቸው። በ1955 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመረጡት አንዱ ሃማዳ ሾጂ ነው፣ የማሺኮው ሸክላ ሠሪ፣ የቀን ተቀን ዕቃ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሳህን፣ ገንቦ ሚሰራ ሰው። ቅድም ያልኳቹ ካዋይ ደግሞ ጓደኛው ነበር፣ እሱ እንዲህ ያለውን ሹመት አልፈልግም ብሎ ነው የኖረው። እኛ ጋ ሸክላ የሰራች ሴት ቡዳ ተብላ፣ ቤቷ ማይገባ፣ ልጇ ማይዳር ሆና፣ በሰራችው ድስት ግን ሁሉም ወጡን እየበላ ነው የኖረው። ጎንደር ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎች ይሄን ስም ለስንት ዘመን ተሸክመዋል። ይሄን እያወቅኩ ሴንሴዩ የአንዲት የቀጨኔ እናት እጅ ላይ ስልኩን አስጠግተው ሲያዩ በጣም ነበር ልቤ የተነካው፣ እና ክላሱ ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ይሄን ነው ከፍ አድርጌ ማየው። ሌላ ምንም ባላገኝ ለዚህ ብቻ ብከፍል አይቆጨኝም ነበር።

እሺ ቅሬታዬን። አንደኛ ማብራሪያው ሁሉ በጃፓንኛ ነው፣ ድረ ገፃቸው ላይ እንግሊዝኛ እንችላለን ይላል፣ ያ ግን ለቱሪስቱ ፕሮግራም የተዘጋጀ ወረቀት ነው፣ መደበኛ ክላሱ ውስጥ አይሰራም። እጅ ለማየት ቋንቋ አያስፈልግም፣ ስለ ግሌዝና ስለ እቶን ሲወራ ግን ያስፈልጋል፣ እዛ ላይ ብዙ ነገር አምልጦኛል ብዬ አስባለሁ። ሁለተኛ ቅዳሜና እሁድ ቱሪስት ይሞላል፣ ሮኩሮዎቹ ለነሱ ቅድሚያ ይሰጣሉ፣ የወር ተማሪ ከፍሎ ጥግ ላይ ይጠብቃል፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ነግሬያቸዋለሁም፣ በትህትና ይቅርታ ብለውኛል ግን አልተቀየረም። ስለዚህ የሳምንት ቀን ምረጡ። ሦስተኛው ትልቁ ደግሞ ማስተኮሻው ነው፣ በያንዳንዱ ዕቃ መጠን ነው ሚያስከፍሉት፣ ሁለቴ ነው ሚተኮሰው፣ ስትመዘገቡ ይሄን በግልፅ አይነግሯቹም፣ ብዙ ከሰራቹ ከወር ክፍያው ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ምክንያት ክላሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከሰራው ውስጥ ጥሩዎቹን ብቻ መርጦ ሌላውን ጥሬውን እያለ አፍርሶ ወደ ጭቃ ባልዲው ይመልሳል። እሱ ልማድ ግን በራሱ ጥሩ ነው፣ ዓይናቹን ያሰለጥናል።

ጊዜውን በደንብ አስቡበት፣ የኤክስቼንጅ ተማሪ ሁሉ ሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ የሰራቹት ዕቃ በሳምንቱ ግማሽ ደርቆ ነው እግሩ ሚፋቀው፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፣ ከዛ ሱያኪ ማለትም የመጀመሪያው ማስተኮስ አለ፣ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ አካባቢ፣ ከዛ ግሌዝ ታደርጉበታላቹ፣ ከዛ ሆንያኪ ወደ 1,230 ወይ 1,250 ዲግሪ። እቶኑ ደግሞ እስኪሞላ ይጠበቃል። በአጠቃላይ ከወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ያዙ፣ በሰኔና በሐምሌ በዝናቡ ወቅት ከሆነ ጭቃው አልደርቅ ስለሚል ከዛም በላይ። ስለዚህ ወደ ሀገር ምትመለሱበት ቀን ሁለት ወር ሲቀረው አዲስ ዕቃ መስራት አቁማቹ ያላቹን ወደ መጨረስ ግቡ፣ ሴንሴዩንም ምትሄዱበትን ቀን ቀድማቹ ንገሯቸው፣ እቶኑን ሲያቅዱ ያስቡላቹኋል።

እግሩን መፋቅ ካነሳሁ፣ እዚህ ያለ ሰው ስኒ ሲሰጡት መጀመሪያ ሚያየው አፉን አይደለም፣ ገልብጦ መቀመጫውን ነው። ኮዳይ ይሉታል፣ ቀለበት ሆኖ ሚፋቀው የስሩ ክፍል ነው። እጀታ የሌለው ስኒ ስለሆነ ሁለት እጅ ነው ሚይዘው፣ ስለዚህ ክብደቱ የት እንዳረፈ ጣት ላይ ወዲያው ይታወቃል። ሴንሴዩ አንድን ዕቃ ጥሩ ነው ማለት ሲፈልጉ ገልብጠው ትንሽ ዝም ብለው ያዩታል፣ ሌላ አድናቆት የላቸውም።

ግሌዝ ላይ ክላሱ ደካማ ነው፣ የተዘጋጀ በባልዲ ያለ አምስት ስድስት አይነት ነው፣ ምን ከምን እንደተሰራ አያስተምሩም፣ እቶኑም ኤሌክትሪክ ስለሆነ ያው ሁሌ አንድ አይነት ውጤት ነው ሚሰጠው። የእሳትን ሥራ ማየት ከፈለጋቹ ሺጋራኪ ሂዱ። ከኪዮቶ በጄአር ባቡር ኩሳትሱ ትቀይራላቹ፣ ከዛ ኪቡካዋ፣ ከዛ ሺጋራኪ ኮገን በምትባለው ትንሽ ባቡር ተራራውን ትወጣላቹ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ከጣቢያው ስትወጡ ጀምሮ ታኑኪ ሚባሉት የእንስሳ ቅርፆች በየደጁ ተደርድረዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ንጉሠ ነገሥቱ ሲጎበኙ ባንዲራ አስይዘው መንገድ ዳር ደርድረዋቸው ነው ስማቸው በመላው ጃፓን የወጣው። ሰው ከነሱ ጋ ፎቶ ይነሳና ይመለሳል፣ እናንተ ግን ወደ ሴራሚክ ፓርኩ ውጡ፣ ከ1990 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሙዚየምም አለው፣ የውጭ ሀገር አርቲስቶችን ተቀብሎ ሚያሰራ ፕሮግራምም አለው፣ ሀገር ቤት በሙያው ያላቹ ልጆች ይሄን አስታውሱ፣ ማመልከት ይቻላል።

ሺጋራኪ ከሴቶ፣ ከቶኮናሜ፣ ከኤቺዘን፣ ከታምባና ከቢዘን ጋር ስድስቱ ጥንታዊ የእቶን ቦታዎች ከሚባሉት አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በጃፓን ቅርስነት ተመዝግበዋል። ጭቃው ሻካራ ነው፣ ነጫጭ የድንጋይ ፍንጣሪ አለበት፣ የጥንቱ የቢዋ ሐይቅ የነበረበት መሬት ስለሆነ። ዩኒቨርሲቲው በኩል ከተማሪዎች ጋ አንድ የእንጨት እቶን ሲነድ ለማገዝ ሄጄ ነበር፣ ለቀናት ነው ሚነደው፣ ሌሊቱን በፈረቃ ጥድ እየጨመራቹ ነው ምታድሩት፣ እሳቱ ውስጥ ሚበረው አመድ ዕቃው ትከሻ ላይ ያርፍና ሙቀቱ ከ1,200 ሲያልፍ ቀልጦ አረንጓዴ መስታወት ይሆናል፣ ማንም አልቀባውም። አመድ ያልደረሰበት ጎን ደግሞ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። እቶኑ ውስጥ የት እንደተቀመጠ፣ ከጎኑ ምን እንደነበር፣ ሁሉም ዕቃው ላይ ይነበባል። ማገዝ ነፃ ነው፣ እንደውም ምግብ ሰጥተውናል፣ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲያቹ ውስጥ የሴራሚክ ክለብ ወይ ዲፓርትመንት ካለ ሄዳቹ ጠይቁ፣ ሰው ሁሌ ያጥራቸዋል።

ከሺጋራኪ ተራራውን ተሻግሮ ኢጋ አለ፣ ሚዬ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ የዶናቤ ሀገር ነው። ዶናቤ ቀጥታ እሳት ላይ ሚጣድ የሸክላ ድስት ነው፣ የኢጋ ጭቃ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። ካላቹ በጀት አንድ ግዙ፣ ሽሮ እዚህ ውስጥ ሰርቼ ከእሳት ካወረድኩት በኋላም ሲንተከተክ ነው የበላሁት፣ ሀገር ቤት ሸክላ ድስት ላይ ሚቀርበውን ሽሮ ለናፈቀ ሌላ መፍትሄ የለም። ስትገዙ ሻጩ ሜዶሜ አድርጉ ይላቹኋል፣ መጀመሪያ የሩዝ ገንፎ ቀጠን አድርጋቹ ቀቅሉበት ማለት ነው፣ ስታርቹ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፣ ውሃ አያፈስም። ይሄን ስሰማ አያቴ አዲስ ምጣድ አግለው በጎመን ዘር ሲያሟሹ ነው ትዝ ያለኝ። እነሱ በሩዝ፣ እኛ በቅባት፣ ሚዘጋው ቀዳዳ ግን አንድ ነው፣ ይሄን ለሴንሴዩ ስነግራቸው ጎመን ዘር ምን አይነት ተክል እንደሆነ ፈልጌ እንዳሳያቸው አደረጉኝ።

ስለ ብር፣ በተማሪ ቪዛ ፈቃድ አውጥታቹ በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መስራት ትችላላቹ፣ ስለዚህ ክፍያው ማይቻል አይደለም፣ ግን ስኮላርሺፕ ብቻ ይዛቹ ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ ሚሆን ፓኬጅ ካላቸው ጠይቁ። መሳሪያ አትግዙ፣ ሁሉም ክላሱ ውስጥ አለ። ሽርጥና ፎጣ ያዙ፣ ጥፍራቹን አሳጥሩ። ሲያልቅ ሁሉም ሰው ነው ሚያፀዳው፣ ሮኩሮውን፣ ወለሉን፣ ባልዲውን፣ ፀድቶ እስኪያልቅ ማንም አይሄድም፣ ይሄም የክላሱ ሰዓት ውስጥ ነው ሚቆጠረው።

ፎቶ ለመነሳትና አንድ ስኒ ይዞ ለመሄድ ብቻ ከሆነ ምትፈልጉት የቱሪስቱ ይበቃቹኋል፣ ለሱ ወር ሙሉ አትክፈሉ። መማር ምትፈልጉ ግን ስትፈልጉ ቶጌ ኪዮሺትሱ ብላቹ ነው ሰርች ምታደርጉት፣ ታይከን ሚል ካያቹ የአንድ ጊዜው ነው እለፉት። ኢሜይል ስትልኩ ሦስት ነገር ጠይቁ፣ የማስተኮሻ ዋጋው እንዴት እንደሚታሰብ፣ ቅዳሜና እሁድ የወር ተማሪ ቦታ እንደሚኖረው፣ እና ከመጀመሪያው ቀን በእጅ መስራት እንደሚቻል። ካልነገራቹኋቸው ፈረንጅ ሁሉ ዊል ነው ሚፈልገው ብለው ቀጥታ ዊሉ ላይ ነው ሚያስቀምጧቹ፣ ስለዚህ ይቺን ዓረፍተ ነገር በቃላቹ ያዟት፦ ሮኩሮ ጃናኩቴ፣ ቴቢኔሪ ኦ ናራይታይ ዴስ። በዊል ሳይሆን በእጅ መስራት ነው መማር ምፈልገው ማለት ነው።